በሬና አህያ የለኩት ማሳ

በሬው ወደፊት ሲል አህያው ወደኋላ፣ አህያው ሲራመድ በሬው ቆሞ ሲያመሰኳ፣ ረፋዱ ላይ ቁንጥሬ ገና አራተኛ ትልሟ ላይ ነበረች። ቁንጥሬ ያሰኛት ቁመቷ አይደለም፤ መሬቷ ነው። ማሳዋ ላይ ዶሮ ክንፏን ብትዘረጋ ድንበር ትጥሳለች።

መሬቷን ሊለካ የመጣው ቀያሽ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ጀምበር እስክትጠልቅ ይጠብቃል። በእጁ የያዘው መመሪያ እንዲህ ይላል፦ ጦርነቱ እህል ይሻል፤ ትንሽ ማሳ ትንሽ ያመርታል፤ ስለዚህ ከአራት ጥማድ ያነሰ ሁሉ ዛሬውኑ ወደ ሰፊው እርሻ ይጠቃለላል። ሰፊው እርሻ ከአጥሯ ማዶ ነው። ነዳጁን ታንኮች ከጠጡበት ወዲህ ትራክተሩ እንደተገተረ ነው፤ ጭስ ማውጫው ውስጥ ወፍ ሦስት ትውልድ ድራለች። አምና ቁንጥሬ ለግንባር አሥራ አንድ ኩንታል ድንች ስትልክ፣ ሰፊው የላከው አርባ ገጽ ሪፖርት ነበር። ወታደሩ ቀቅሎ በልቶት እንደሆነ እንጃ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው፣ እማማ» አለ ቀያሹ።

«ሸረሪቷ ስትኖር ነዋ፣ ጌታው!»

ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ጧት ከመመሪያው ጮክ ብሎ ያነበበላት ራሱ ቀያሹ ነው። አንዱን በሬዋን ለወታደር ሥጋ የነዱባትም እሱን የላኩት ናቸው። መመሪያውን የጻፈው ጠቢብ ግን ሞፈር በሥዕል እንጂ አይቶ አያውቅምና «ጥንድ» ብሎ ዝም፤ የምን ጥንድ እንደሆነ አልጨመረም። ቁንጥሬ የጎረቤቷን አህያ ተውሳ ጠመደች።

ጥንዱ በቀን ያረሰው ባነሰ ቁጥር ማሳዋ በጥማድ ይበዛልና፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አህያ እንዲለግም ጸለየች።

ከሰዓት በኋላ ጉድ ፈላ፤ ሁለቱ እርጉሞች ተስማሙ። እንደ ወንድማማች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ትልሙን ሲሰነጥቁት የቁንጥሬም ልብ አብሮ ተሰነጠቀ። ጅራፏን ጣለች፤ እርፉን ለቀቅ አደረገች፤ ምንም አልረዳት። መሬቷ በየእርምጃው እየጠበበች ስትሄድ ታያታለች። ድንገት አህያው ትልሙ ውስጥ ዘጭ ብሎ ተኛ። ጆሮውን ልትስመው ምንም አልቀራት።

ጀምበር ጠለቀች። ቀያሹ በእርምጃው ለካ፤ የታረሰው የማሳዋን ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ማሳዋ ከአራት ጥማድ በለጠ።

«ይሄማ ተንኮል ነው!»

«መመሪያህን አንብበዋ! ደግሞስ ያ ብረት» አለች በከንፈሯ ትራክተሩን እየጠቆመች፣ «ሰፊውን በስንት ቀን ይጨርሰዋል? ሰፊውንስ ስንት ጥማድ ብለህ ልትጽፍ ነው?»

ቀያሹ ኩርንችት የወረሰውን ሜዳ አየ። ብዕሩን ወደ ወረቀቱ አስጠጋ፤ ብዕሩ ግን ሳይጽፍ ቆመ።

«ምነው ልጄ» አለችው ቁንጥሬ ቀንበሩን እየፈታች፣ «ብዕሩም ነዳጅ አለቀበት?»