የየሺመቤት ጭነት

በቀይ ሽብር ጊዜ ገርጂ ዳር በነበረው የእንጨት ኬላ፣ ቀራጩ ጋሽ ገብረየስ ሚዛን አያሻቸውም ነበር። የአህያውን ጭነት ከሥሩ በእጃቸው ቀና አድርገው ኪሎውን ይጠራሉ።

አንድ ማለዳ እንጨት ሻጯ የሺመቤት አህያዋን እየነዳች መጣች። ጋሽ ገብረየስ ጭነቱን ቀና ሊያደርጉት ቢሞክሩ አልነሳ አላቸው። እንጨቱ እኮ የከረመ፣ ደረቅ ባሕር ዛፍ ነው!

«አንቺ ሴትዮ፣ ድንጋይ ጠቅጥቀሽበታል እንዴ?» ብለው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ጣታቸው ጆንያ ነካ። ጆንያው ውስጥ እግር ነበር።

አብዮት ጠባቂዎች አንድ ልጇን እንደወሰዱባት ጋሽ ገብረየስ ሰምተዋል። ሜዳ ላይ የተጣለ ሬሳ ማንሳት ደግሞ ያስገድላል። ቀና ብለው አዩዋት፤ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ስንት ይሆናል?» አለ ኬላው በር ላይ የቆመው፣ ጠመንጃ ያነገተው ጠባቂ።

«ደረቅ ነው፤ እንደ ወትሮው ነው። ትለፍ!»

የላላውን ገመድ አጠበቁላትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሂጂ፤ መንገዱ ደልዳላ ነው» አሏት።

ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች አህዮቻቸውን ይዘው ተሰልፈው ነበር። ጋሽ ገብረየስ ያን ቀን የአንዱንም ጭነት ለመንካት አልደፈሩም።