ነጋ ያልተባለው ውሻ

አሠሪዎቿ ማዳምና ባለቤቷ ከሄዱ አሥራ ሁለት ቀናቸው ነው፤ ውዴ ግን ከድንበር ማዶ፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ያለውን ባዶ ቪላ ጠርጋ አልጨረሰችም። አከራዩ ቤቱን አጽድታ እንድታስረክብ ነግሯታል። ሌላ ሴት ብትሆን በሁለት ቀን ትገላገለው ነበር። እሷም መስታወቱን ወለወለች፣ ምድጃውን ፈተገች፣ መጋረጃውን አጥባ ሰቀለች፤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስትደርስ ግን እጇ አልታዘዝ አላት። እዚያ ጥግ፣ ግድግዳው ላይ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ መዳፍ የምታክል የቅባት እድፍ አለች። የፊሉ ግንባር ሦስት ዓመት ያረፈባት ቦታ ናት።

ፊሉ ውሻ ነው። በወረቀት የማዳም ነው፤ ክትባቱም ፓስፖርቱም በስሟ ነው። ውሻ ፓስፖርት አለው እንግዲህ፤ ውዴ የራሷን ለማውጣት ያየችውን አሳር እሷ ታውቃለች። በልቡ ግን የማን እንደነበረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። ማልዳ ቢሮ ትሄዳለች፣ ደክሟት ትመለሳለች፣ ራሱን ሁለቴ ዳበስ አድርጋ ብስኩት ትሰጠዋለች፤ በቃ። ውሻ በብስኩት የሚገዛ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ፊሉ ብስኩቱን ይበላና ወደ ውዴ ይሮጣል፤ ጨዋታው ያለው እሷ ዘንድ ነዋ።

ጨዋታው ኩኩሉ ነበር፤ ድሬዳዋ ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወተው ያደገችው ያው ኩኩሉ። ፈላጊው ግንባሩን ግድግዳ ላይ ደፍቶ «ኩኩሉ!» ይላል። ተደባቂው ቦታ እስኪይዝ «አልነጋም!» እያለ ይመልሳል፤ ሲይዝ «ነጋ!» ይላል፤ ያኔ ፍለጋው ይጀመራል። ፊሉ አፍ ስለሌለው ውዴ የሁለቱንም ድርሻ ራሷ ትወጣው ነበር። እሱ ጥጉ ላይ ግንባሩን ይደፋል፤ እሷ «ኩኩሉ! አልነጋም! ኩኩሉ! አልነጋም!» እያለች ቤቱን ታቋርጣለች። «ነጋ» እስክትለው ድረስ ሥጋ በአፍንጫው ሥር ቢያልፍ ንቅንቅ አይልም። ስትለው ግን ጥፍሩ ሴራሚኩ ላይ እያንሸራተተው፣ በር እየገፋ፣ አልጋ ሥር እየገባ ይፈልጋታል። ሲያገኛት ሁለት ጊዜ አጠር አድርጎ ይጮሃል። እሷም «አገኘኸኝ!» ብላ አንገቱን ታቅፋለች።

የቪላው ዘበኛ ዓብዱረዛቅ የውሻ ለሃጭ እንዳይነካው ሽርጡን ሰብስቦ ዳር ዳሩን የሚሄድ ሰው ነው። «ወላል» ይላታል በሱማሌኛ፣ እህቴ ሲል፤ «ሰው ጠፍቶ ነው ከውሻ ጋር ድብብቆሽ?» እያለ ይስቅባታል። እውነቱን ነው፣ ሰው ጠፍቶ ነበር። በዚያ ቤት ውዴ ስትጠራ የምትመጣ ሴት ነበረች፤ ስትጠፋ የሚፈልጋት ፊሉ ብቻ ነው።

ማዳም ሥራዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ፈረንሳይ የተመለሰች ዕለት ፊሉን የጉዞ ሳጥን ውስጥ አስገቡት። ቤቱን በጩኸት አናወጠው። ፍርግርጉን ነክሶ ድዱ ደማ። ማዳም እንባዋ መጣ፤ ባለቤቷ ሰዓቱን ያያል። ውዴ የራሷን ሻሽ ፈትታ በፍርግርጉ አሾለከችለትና ተንበርክካ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«አልነጋም፣ ፊሉዬ። አልነጋም።»

ጸጥ አለ። ዞሮ ግንባሩን ሳጥኑ ጥግ ላይ ደፋ። ማዳም ውዴን አቅፋ ሳመቻት። መኪናው ሲሄድ ውዴ በብልሃቷ ኮርታ ነበር፤ ያለቀሰችው በኋላ ነው።

ዛሬ፣ ከቀትር በኋላ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሳለች ስልኳ ጠራ። ዓብዱረዛቅ የውሃ ጀሪካን ይዞላት ገብቶ በሩ ላይ ቆሟል። ማዳም ናት፤ በለመዱት ግማሽ አማርኛ ግማሽ ፈረንሳይኛ እያለቀሰች ነው።

«ውዴ፣ ፊሉ ሊሞትብኝ ነው። አይበላም። ሐኪሙ ምንም የለበትም አለ። ቀኑን ሙሉ ጥግ ላይ፣ ግንባሩ ግድግዳ ላይ። ስጠራው አይዞርም።»

ውዴ ግድግዳው ላይ ያለችውን እድፍ አየች፤ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለችው። አልነጋም ብላዋለች፤ ነጋ አላለችውም። ያ ሞኝ፣ ያ ታማኝ፣ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በሰው አገር እየጠበቃት ነው።

«ምን ሆንሽ?» አላት ዓብዱረዛቅ።

«አንድ ቃል ረስቼ ልገድለው ነው።»

ነገሩን ስትነግረው «ታዲያ በስልክ በይዋ!» አለ።

ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ዋጠችው። ብትለው ተነስቶ የሚፈልገው እሷን ነው። አልጋ ሥር ያያታል፣ በር ጀርባ ያያታል፤ የለችም። እንዲህ ያለ ጨዋታ ግፍ ነው። ልቧ ደግሞ፣ ይቅር ይበላትና፣ በስውር ደስ ብሎት ነበር፤ ውሻው እስከዚህች ሰዓት ድረስ የእሷው ነበር።

«ማዳም፣ ይደበቁ» አለች በመጨረሻ። «ሻሼን ይያዙና በር ጀርባ ይግቡ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው አጠገቡ ይተዉት። ሲያገኝዎት አንገቱን አቅፈው ‹አገኘኸኝ› ይበሉት። እስቲ ይበሉት።»

«አጌኔኬኝ።»

«ይሁን። እሱ ይገባዋል።»

ኮቴ ራቀ። በሩ ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ውዴ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ፊሉ። ፊሉዬ። ነጋ!»

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጥፍር፣ የእንጨት ወለል ላይ። ሮጠ። ራቀ፣ ተመለሰ፣ ወንበር ወደቀ፣ እንደገና ራቀ። እሷን ነው የሚፈልገው፤ በሩጫው ታውቀዋለች። ቆመ። ዓብዱረዛቅም ከበሩ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሏል።

ሁለት ጊዜ፣ አጠር አድርጎ፣ ጮኸ።

ውዴ «አገኘኸኝ» ልትል አፏን ከፈተች።

«አጌኔኬኝ!» አለች ማዳም ከሩቅ፣ እየሳቀች፣ እያለቀሰች። ፊሉ እንደገና ጮኸ።

ውዴ አፏን ዘጋች። ማዳም ስልኩን አንስታ ስታመሰግናት ረጋ ብላ ሰማቻት።

«ነገም ይጫወቱ» አለቻት። «በየቀኑ። መደበቂያዎን ይለዋውጡ፣ ቶሎ ይሰለቻል። ሻሹን ግን ይጠቡት።»

«ሽታሽን ነው እኮ የወደደው።»

«አውቃለሁ። በሳሙና ይጠቡት።»

ስልኩ ሲዘጋ ዓብዱረዛቅ ጨርቁን ከባልዲው አንስቶ «እኔ ላጽዳልሽ» አለ፤ ያ የውሻ ነገር የማይነካው ሰው። ጨርቁን ከእጁ ተቀበለችውና ጥጉ ላይ ራሷ ተንበረከከች። እድፏ ለሦስት ዓመት እዚያ ነበረች፤ በመጀመሪያው ማሸት ለቀቀች።