የይርሳው ሦስት ቀን

በ1945 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቢቸና ዙሪያ በረዶ ወረደ። የወረደው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ባቄላው አለቀ። ጤፉ ተኛ። አንዱ በሬዬ በክረምቱ ሞቶ ነበር፤ ሚስቴም ታማ ነበረች። የተኛ ጤፍ ማጨድ ከቆመው ይልቅ ብዙ ጉልበት ይፈጃል። እኔ ብቻዬን ነበርሁ።

የጎረቤቴን የይርሳውን ማሳ በረዶው ስቶታል። ማጭዱን ይዞ መጣ።

"የተረፈውን እንሰብስብ" አለኝ። "ቀኑን ትመልሳለህ።"

ሦስት ቀን አጨደልኝ። ግራኝ ስለነበር ሁልጊዜ በግራ ዳር ይቆም ነበር፤ አለዚያ ማጭዱ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ይጋጭበታል።

ሰኞ የሱ ተራ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሞጣ ላይ የመንግሥት ቤት ይሠራል፣ ድንጋይ ተሸካሚ ይፈለጋል፣ ቀድሞ የደረሰ ይገባል ሲሉ ሰማሁ። ሚስቴን ለእናቷ አደራ ሰጥቼ በዚያው ቀን ተነሣሁ። ለይርሳው አልነገርሁትም። ሐሙስ ዕለት ያለ ወቅቱ ዝናብ መጣና የይርሳው ጤፍ ሳይታጨድ ማሳው ላይ ረገፈ። በዚያው ዓመት የሚያበላት አጥቶ አንዲት ልጁን ገና በልጅነቷ ዳራት አሉ።

ወንፈል ቀን በቀን ነው። ያጨደልህን ታጭድለታለህ። እህል ብትሰፍርለት፣ ብር ብትቆጥርለት ወንፈሉን አልመለስህም። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ልሂድ እልና እቀራለሁ። በስድስተኛው ዓመት ይርሳው ሞተ ሲሉኝ፣ ሙት ወንፈል አይቀበልም ብዬ ጉዞውን ተውሁት። ኅዳር በመጣ ቁጥር ግን ቁጭ ብዬ መዋል አልችልም ነበር።

ኋላ ሞጣ ላይ የጎልማሶች ትምህርት ጣቢያ ሲከፈት ዘበኛ ሆንሁ። በሩን እከፍታለሁ። ዛፍ ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት መትቼ ሰዓቱን አሰማለሁ። የተማሪዎቹን እርሳስ በቢላዬ እቀርጻለሁ። ሲያርስ ውሎ የመጣ ሰው ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ ትከሻውን ነካ አደርገዋለሁ። ማናለሽ ክፍሉን ትጠርጋለች፤ እናቶቹ ሲማሩም ሕፃናቱን ከግራሩ ሥር ትይዛለች። አለቃችን አቶ ከፋለ የሐረር ሰው ናቸው። ያስተምራሉ፤ ደብዳቤም ይጽፋሉ። ሦስት ነበርን።

በ1958 መስከረም ምዝገባ ላይ አንዲት ሴት መጣች።

"ስም?" አሉ አቶ ከፋለ።

"ዘርፈሽ።"

"የአባት?"

"ይርሳው።"

"የትውልድ ቦታ?"

"ቢቸና።"

አግዳሚ ወንበር ተሸክሜ እገባ ነበር። ከነወንበሩ በሩ ላይ ቆምሁ። እርሳስ ሲሰጧት በግራ እጅዋ ተቀበለች።

ባሏ ሞቶ አንድ ማሳ ትቶላታል። አጫጅ የሚሆናት ወንድ ስለሌላት ራሷ ማጭድ ይዛ ወንፈል ትገባለች። መጀመሪያ ሳቁባት፤ ፍጥነቷን ሲያዩ ተዉ። በትምህርቱም እንደዚያው ነበረች። በጊዮርጊስ ዕለት ዳቦ ጋግራ ለሦስታችንም ታመጣለች። እኔ ሆዴን ያመኛል እላለሁ።

"አያ ገላው" አለችኝ ማናለሽ አንድ ቀን፣ "ሆድዎ የሚያመው የዘርፈሽ ዳቦ ሲመጣ ብቻ ነው እንዴ?"

የተማሪ እርሳስ አንሥቼ መቅረጽ ጀመርሁ።

በ1959 ጤና ጣቢያው የበሽተኛ ካርድ ፈልጋ የምታወጣ ሴት እንደሚቀጥር ተነገረ። የንባብና የሒሳብ ምስክር ወረቀት ያላት፣ ከኅዳር ሳያልፍ። ዘርፈሽ ሌላ ወሬ አጣች። ፈተናው በዓመት አንዴ ነው፤ ፈታኙ ከደብረ ማርቆስ ይመጣል፤ ቀኑን የሚመርጡት አቶ ከፋለ ናቸው። ኅዳር አሥራ ሁለት ሚካኤል ሰኞ ይውላል። እሳቸው ሰዉ በዓሉን ያክብር ብለው ፈተናውን ማክሰኞና ረቡዕ አደረጉት።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ዘርፈሽ በሩ ላይ እርሳሷን ሰጠችኝ።

"ተሰበረ?" አልኋት።

"አልተሰበረም። ይቅርብኝ።"

"ለምን?"

"ማክሰኞ የጎረቤቴ የጓዴ ተራ ነው። ረቡዕ የአማቹ። ሁለቱም አጭደውልኛል። ሐሙስ የኔ ነው። ሁለቱን ቀን ብቀርባቸው ሐሙስ ማን ይመጣልኛል? ጤፌ አሁንም ሲነኩት ይረግፋል።"

"ለአቶ ከፋለ ነግረሻል?"

"ደብዳቤው ሄዷል አሉኝ።"

እርሳሷን ይዤ ወደ ቢሮው ገባሁ።

"ቀኑን አበላሹት" አልኋቸው።

"ለበዓሉ ብዬ እኮ ነው!"

"በበዓል ማጭድ አይነሣም። ገበሬ እጁ የሚፈታው ያን ዕለት ነው። እሑድና ሰኞ ሥራ ፈትቶ የዋለ ሰው ማክሰኞ ከማሳ ይቀራል?"

አቶ ከፋለ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ ቀድመው ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቁኝም።"

"ፈታኙ ከማርቆስ ተነሥቷል። ቢቸና ፈትኖ ማክሰኞ ጧት እዚህ ነው።"

"እንግዲያው እኔ ማክሰኞና ረቡዕ የለሁም። በሷ ተራ እገባለሁ።"

"በፈተና ቀን በሩን ማን ሊይዘው?"

"ማናለሽ።"

"ዘበኛ የለም ብሎ ቢጽፍብዎ ሥራዎ ይሄዳል። እኔ አላድንዎትም።"

"ይጻፍ።"

ዘርፈሽ በሩ ላይ ነበረች። እርሳሱን ቀርጬ መለስሁላት።

"በተራሽ እኔ እገባለሁ። ወንፈል ምትክ ይቀበላል።"

"አንቱ? ለምን ብለው?" ዓይኗን ጣለችብኝ። "ምትኩን በምን እመልሰዋለሁ? እርስዎ ማሳ የለዎ።"

"ኋላ እነግርሻለሁ።"

መናገር ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበር። ቸርኬው ያልተመታ ይመስል ሄጄ ደግሜ መታሁት። ተማሪው ሁሉ ከሄደ ቆይቷል።

ማጭድ ከጎረቤት ተዋስሁ። ከያዝሁ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሰኞ ሚካኤልን ስሜ ተመለስሁ። በበዓል ማጭድ አይሞረድም። ከደጄ ተቀምጬ አየሁት። አስገባሁት፤ መልሼ አወጣሁት። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሞረድሁና ወረድሁ።

ጓዴ ማሳው ራስ ላይ ቆሟል።

"አያ ገላው! በሩ ጠፍቶብዎት ነው?"

አጫጆቹ ሳቁ።

"በዘርፈሽ ፋንታ ነኝ።"

"በሷ ፋንታ እንኳ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እሺ፣ የግራውን ዳር ለማን እንስጠው?"

"ለኔ።"

"ግራኝ ነዎት እንዴ?"

"አይደለሁም። ዳሩን ለኔ።"

ሦስት ሰዓት ገደማ ቸርኬው ሲመታ ከከተማው ተሰማ። የማናለሽ አመታት ያስታውቃል፤ ትቸኩላለች። ዘርፈሽ ገብታ ይሆን? ጓዴ ይቆጣል ብላ ወደ ማሳው ብትመጣስ? መንገዱን አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ወደኋላ እቀራለሁ። ወገቤ ከእኩለ ቀን በፊት ከዳኝ። ጓዴ መጥቶ ከፊቴ ያለውን ሊያጭድልኝ አጎነበሰ።

"ይተዉት እንጂ! ማሳዬ ላይ ሊሞቱብኝ ነው?"

"አትንካ። የኔ ነው።"

ፀሐይ ስትጠልቅ ከሁሉ ኋላ ጨረስሁ። ጓዴ ከዚያ ወዲያ አልቀለደም።

ማናለሽን ካፖርቴን ለብሳ፣ ዱላዬን ይዛ በሩ ላይ አገኘኋት።

"ፈታኙ 'አባት፣ በሩን ክፈቱልን' አለኝ" አለች። "እኔም ድምፄን አወፍሬ 'እሺ ጌታዬ' አልሁ።"

"አላወቀሽም?"

"ያየው ካፖርቱን ነው።"

"ዘርፈሽስ?"

"ገባች። መንገዱን ስታይ ስታይ ቆይታ ገባች። ከሁሉ ቀድማ ወጣች። በግራ እጅዋ ነው የጻፈችው፤ ፈታኙ ቆሞ አያት፣ ምንም አላለ።"

ረቡዕ ለጓዴ አማች አጨድሁ። አመሻሽ ላይ ስደርስ ፈታኙ ያለፉትን ስም ጠርቶ ሄዷል። አቶ ከፋለ በሩ ድረስ መጡ።

"ዘርፈሽ ይርሳው አልፋለች" አሉኝ። "ስለ ዘበኛውም ጽፏል። 'ትጉ ነው' ይላል።"

ማናለሽ ካፖርቱን አውልቃ ወረወረችልኝ።

ሐሙስ የዘርፈሽ ተራ ነበር። ጓዴ ሰዉን ሁሉ ይዞ መጣ። አቶ ከፋለም ጫማቸውን አውልቀው ነዶ ሊሸከሙ መጡ፤ እሾህ እየወጋቸው ይዘላሉ፤ አጫጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ዘርፈሽ በግራው ዳር ቆመች፤ እኔ ከጎኗ። የገና ጾም መያዣ ስለነበር ሰዉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ አጨደ። ዘጠኝ ሲሆን ሁሉም ለመብላት ተቀመጠ። እኔ አልተቀመጥሁም። ዘርፈሽ ሞሰቡን ይዛ መጣች።

"ዛሬም ሆድዎን ነው?"

"አባትሽ በበረዶው ዓመት ሦስት ቀን አጨደልኝ" አልኋት። "ተራው ሲደርስ ትቼው ወደዚህ መጣሁ። ጤፉ የረገፈው በኔ ነው።"

ሞሰቡን መሬት አስቀመጠች።

"በዚያ ዓመት ነው የዳሩኝ" አለች።

"ዐውቃለሁ።"

"ለባሌ ቤት ውኃ መቅዳት አልችልም ነበር። እንስራው ይበልጠኝ ነበር።"

ማጭዴን መሬት ላይ ጣልሁና ቆምሁ። አቶ ከፋለ ከሩቅ አዩንና ፊታቸውን አዞሩ።

"አባቴ ስምዎን አንሥቶ አያውቅም" አለች። "በየዓመቱ ለአጨዳ ልጠይቀው እሄድ ነበር፤ ሰው ጎደለ ሲሉት፣ 'ይመጣል' ይል ነበር። ማን እንደሆነ አናውቅም ነበር።"

ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። ከዚያ ማጭዴን ከመሬት አንሥታ በእጄ አስያዘችኝ።

"ማክሰኞ አንድ። ረቡዕ ሁለት። ሦስተኛው ገና አልሞላም" አለች። "ይነሡ እንግዲህ።"

ሌሎቹ ሲበሉ እኔ አጨድሁ። በልተው ሲነሡም አጨድሁ። የመጨረሻው ጭብጥ በግራው ዳር ቀርቶ ነበር፤ ዘርፈሽ ማጭዷን አውርዳ ለኔ ተወችው። አጨድሁት። ነዶው ላይ ጣልሁት። ፀሐይዋ ገባች።

ሞሰቡን መልሳ አመጣች። ዳቦውን ቆረሰችና በሁለት እጅዋ ሰጠችኝ።

ተቀምጬ በላሁ።