ለተረኛ የተተወው ማሽን

እኔ ከቢሮ ጋር ለመጣላት የተፈጠርኩ ሴት ነኝ፤ እናቴም ይህንኑ ትለኝ ነበር። ስለዚህ ባሌ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን አቃጥሎ ከስልጠና ታገደ ሲባል ሻሼን አስሬ፣ አፌን ስዬ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔም ባሌም የከተማችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበርን። እኔ ክር ፈተላ፣ እሱ ሽመና ክፍል። ፋብሪካው ሲዘጋ ከተማው አብሮ ተዘጋ፤ ልብስ ሰፊው፣ ሻይ ቤቱ፣ ቤት አከራዩ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቁጭ አለ። ወጣት የሆነው በአውቶቡስ ሄደ። እኛ ሦስት ልጅ ይዘን ወዴት እንሂድ? በኋላ መንግሥት ሥራ ለጠፋባቸው ከተሞች ብሎ ድጋፍ መደበ። ከየቤቱ አንድ ሰው ሙያ ይማራል፤ እስኪጨርስ ለቤተሰቡ የወር መተዳደሪያ ይሰጠዋል፤ ሲጨርስ ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ መሥሪያ ቦታና ማሽን ያገኛል። እኔ ወሬ ነው ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ወር ሲከፈለን ግን ለልጆቼ ጫማ ገዛሁበት፤ በወሬ ደግሞ ጫማ አይገዛም።

ከሁለታችን እሱ ይማር ያልኩት ደግነት ይዞኝ አይደለም። ቤት መዋል ከጀመረ ወዲህ የበሩን ማጠፊያ ሳይቀር እየፈታ መልሶ ይገጥም ነበር። ትንሽ ቢቆይ እኔንም ይፈታኝ ነበር።

ዳቦ ጋገራ መረጠ። ዕድሜውን በሽመና ማሽን መሐል እየጮኸ የኖረ ሰው ሊጥ አቦካለሁ ሲል ልጆቹ ሳቁበት። እሱ ግን ደስ አለው። ከስልጠና ሲመለስ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ፣ ይስቃል። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ያንን ሳቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ዱቄትም የለ፣ ሳቅም የለ። መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

“ማሽኑን አቃጠልኩት” አለ።

“የቱን?”

“ትልቁን ማቡኪያ። የምሳ ደወል ሲደወል ወጣሁ። ስመለስ ሞተሩ ይጨሳል።”

“ሳታጠፋው ነው የወጣኸው?”

“ሳላጠፋው።” ድምፁ የሱ አይመስልም። “አግደውኛል። ነገ ኮሚቴው ያየዋል አሉ። ምኑን ያያሉ? እኔ ነገ በአውቶቡስ ሄጄ የቀን ሥራ እፈልጋለሁ። አንቺ ልጆቹን ያዢ።”

ለምን እንዳላጠፋው ወዲያው ገባኝ። ይህን ጥፋት ከእኛ ፋብሪካ ሰው በቀር ማንም አያጠፋውም። እኛ ጋ ማሽን አይቆምም። ደወል ሲደወል ተረኛው ከኋላህ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዘወር ብለህ ሳታይ እጅህን አንስተህ ትወጣለህ፣ እሱ ይተካል። ማሽን ያቆመ ደመወዙ ይቆረጣል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይሉ የለ፤ የኔም ሰውዬ ከኋላው ሰው ያለ መስሎት ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ እንዳይሳፈር ጫማውን ደብቄበት ወደ ድጋፍ ቢሮው ገሰገስኩ። በመንገድ ላይ የምናገረውን አጠናሁ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ብዬ እጀምራለሁ፣ ከዚያ እየጨመርኩ እሄዳለሁ።

ኃላፊው ወጣት ነው። አጠገቡ የዳቦ ጋገራ አሰልጣኟ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ በጉንፋን ቀልቷል።

“እናቴ፣ ይቀመጡ” አለኝ።

“አልቀመጥም!”

“እሺ፣ እንዳሉ ይንገሩኝ” አለና እሱም ተነሥቶ ቆመ።

ለእኔ ብሎ ከወንበሩ የተነሣ ኃላፊ አይቼ ስለማላውቅ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። እንዲያው የፋብሪካውን ልማድ እንዳለ ነገርኩት። ገና ሳልጨርስ አሰልጣኟ ራሷን ያዘች።

“ለካ ለዚህ ነው! ደወል ሲደወል ሁሉም ማሽኑን ጥለው ይወጣሉ። እኔ ከኋላቸው እየዞርኩ አጠፋለሁ። የአባቴ እኩዮች ናቸው፤ በሰው ፊት ምን ብዬ ልናገራቸው? ትናንት ትኩሳት ይዞኝ ቀረሁ፤ ትንንሾቹ ማሽኖች ቻሉ፣ ትልቁ ተቃጠለ።” ወደ ኃላፊው ዞረች። “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀድሜ ማስተማር ነበረብኝ።”

እኔ ለጠብ የሄድኩት ሴትዮ ውሃ ሆንኩ። ይቺ ልጅ ማንም ሳያያትና ሳያመሰግናት ገበናቸውን ስትሸፍን ከርማለች።

“ሞተር ይጠገናል” አለ ኃላፊው። “የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ፤ አስረዳቸዋለሁ። እሳቸው ዛሬውኑ ይመለሱ።”

“ጫማውን ደብቄበታለሁ” አልኩ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን ሳላስበው እንባዬ መጣ፤ እዚያው ቆሜ መረቅኋቸው።

ሞተሩ ተጠግኖ የተገጠመ ዕለት ለምስጋና ብዬ ስልጠናው ጋ ሄድኩ። ልጅቷ አዲስ ደንብ አውጥታለች፦ ማምሻውን ሲደወል ማንም አይወጣም፤ እያንዳንዱ የራሱን ማሽን በእጁ አጥፍቶ ይሰናበታል። በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ደወሉ ተደወለ። አንድ በአንድ አጠፉ። የባሌ ብቻ ይዞራል። እጁ ማጥፊያው ላይ ነው፤ አይጫነውም።

“ጋሼ፣ ይጫኑት” አለችው ቀስ ብላ።

“በዕድሜዬ ማሽን አጥፍቼ አላውቅም” አላት። ጓደኞቹ ሁሉ ዞረው አዩት። “የፋብሪካው የመጨረሻ ቀን እንኳ እኛ አይደለንም ያጠፋነው። መብራቱን ከቢሮ ቆረጡብን፤ ሸማኔው ሁሉ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።”

አልቸኮለችም። አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው። ተጫነው። ማሽኑ እያቃሰተ ዞሮ ዞሮ ቆመ፤ ቤቱ ጭር አለ። ባሌ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ከኋላው ያሉት ሸማኔዎችም አቀረቀሩ። የእኔም አንጀት ራሰ።

ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፤ ዱቄቱ ጉንጩ ላይ ተለቀለቀ።

“ነገስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?” አለ ወደ ማሽኑ እያየ።

“እርስዎ ሲደርሱ” አለችው።