እማማ ሥራ ላይ ናቸው

ፀጉር ሠሪዋ ሶፋውን አንስታ መስኮቱ ሥር ስታስቀምጥ፣ ከኋላዋ "እዚያ ጋ ብርድ አለው" የሚል ድምፅ ሰማች።

ክው አለች። ሶፋው ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ የጌም ሶፋ ነው፤ ድምፁ ግን የእውነተኛ አማቷ ነበር። ሰኞ ሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ስለሆነ፣ ባሏ ለኳስ ብሎ በገዛው የጌም ማጫወቻ ሌላ ጌም ከፍታ ቤት እየሠራች ሰው ታኖርበታለች። ሰዎቹ ይበላሉ፣ ሥራ ይሄዳሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ባሏ "የራስሽ ኑሮ አልበቃሽም?" እያለ ይስቅባታል። እሱ ምን አለበት!

አማቷ የታጠበ ልብስ እንደታቀፉ ጠጋ ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣም ካላቸው ወዲህ ልጃቸው ጋ መጥተው፣ ሳሎን ውስጥ በሚዘረጋው ሶፋ ላይ ይተኛሉ።

"ይቺ አንቺ ነሽ?"

"አዎ እማማ።"

"ይሄ ዘናጭ ደግሞ ልጄ መሆኑ ነው! ቦርጩን የት አደረስሽው?" ሳቁ። ከዚያ ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት። ሰፊ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ሁለት ሰው። "እኔስ?"

እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ እውነቱን የሚናገር ጀግና ካለ ይምጣ። "እርስዎ ሥራ ላይ ነዎት" አለች። ጌሙ ውስጥ ሥራ የሄደ ሰው እስኪመለስ አይታይም።

"ሥራ? በዚህ ጉልበቴ?" ፊታቸው በራ። "አዋላጅ ነኝ?"

"አዋላጅ ነዎት።"

"እሰይ! መቼ ነው የምገባው?"

"ወደ ማታ።"

"በይ እንግዲህ፣ ሳልመጣማ አልነሳም" ብለው ልብሱን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ተቀመጡ።

ጉድ ፈላ። ቤቱ ውስጥ ያላስገባቻቸው ጠልታቸው አይደለም። ወይም ትንሽ ጠልታቸው ይሆናል፤ እሷም አልለየላትም። ማታ ማታ ከባሏ ጋር በሹክሹክታ ማውራት ታክቷታል፤ ሳቅ እንኳ ትራስ አፍ ላይ ተደርጎ ነው። በዚህ መሃል የባሏ እህት "እናቴ እኔ ጋ ትምጣ፣ ቤቱ ሰፊ ነው" ብላ ደወለች። አማቷ "እስከ ሰኞ ላስብበት" አሏት። ፀጉር ሠሪዋ በልቧ "እሺ ይበሉ፣ እሺ ይበሉ" ስትል ሰነበተች፤ ሰኞ ይኸው ዛሬ ነው።

ጌሙ ውስጥ ጊዜ ይሮጣል። መሸ፤ ማንም አልመጣም።

"ምጥ የጠናባት አጋጥማኝ ይሆናላ" አሉ አማቷ። "እንዲህ ያለ ቀን ጥሎ አይወጣም።"

አንጀቷን በሉት። ድስት ሊያዩ ወደ ኩሽና ሲሄዱላት ተጣድፋ አዲስ ሰው መፍጠር ጀመረች፤ አሮጊት፣ መነጽር ያላት፣ ፈርጠም ያለች። ሌላ ሰው ቢሆን ያገኘውን ፀጉር ለጥፎ ይገላገል ነበር። እሷን ግን ሙያዋ አላስችል አላት። ይሄ በዛ፣ ያ ግንባር ሸፈነ፣ ሽበቱ የእሳቸውን አይመስልም ስትል አማቷ ተመልሰው ከኋላዋ ቆመዋል።

"ገና ልትወልጂኝ ነው እንዴ?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። "እማማ፣ እኔ..."

"ጨርሺ። ምጥ ላይ ያለች ሴት አላስቸግርም።" አልሳቁም።

የጌሟ አሮጊት ቤት ገባች፤ ትርፍ አልጋ ስለሌለ ሶፋው ላይ ተኛች። ወዲያው ባልየው ውሃ ሊጠጣ አለፈ፤ ነቃች። ሚስትየው አለፈች፤ ደግሞ ነቃች። ከራሷ በላይ ቀይ ምልክት ወጣ።

"ምን ሆነች?"

"ሰው ባለፈ ቁጥር እየነቃች ነው።"

"ይሄን የሠራው ሰውዬ ሶፋ ላይ ተኝቶ ያውቃል ማለት ነው።"

ፀጉር ሠሪዋ ዞር አለች። "እርስዎም ይነቃሉ?"

"እንዳትሳቀቁ ብዬ አንኮራፋለሁ እንጂ።"

"ማንኮራፋቱ ውሸት ነው?"

"አብዛኛው።"

"እኛ እኮ እንዳንቀሰቅስዎት ብለን ነው የምናንሾካሹከው!"

"እሱ ነው የባሰው። ሰው ሲንሾካሾክ ስሜ የተነሳ ይመስለኛል።" አማቷ ልብሱን ማጠፍ ጀመሩ። "እውነቱን ንገሪኝ። ብሄድ ደስ ይልሻል?"

ጆይስቲኩን ጨበጠችው። "ይለኝ ነበር" አለች። "እንዲሄዱ ስመኝ ነው የከረምኩት።"

"ደግ አደረግሽ፣ ነገርሽኝ" አሉ። አዘኑ፤ ማዘናቸውንም አልደበቁም።

ፀጉር ሠሪዋ የምትሠራው ስታጣ ጌሙ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አቀያየረቻቸው። አሮጊቷን መኝታ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች፤ ባልና ሚስቱን ወደ ሳሎኑ ሶፋ አዛወረች። አሮጊቷ በጊዜ ተኛች። ባልና ሚስቱ ቲቪ ከፍተው ሲንከተከቱ አመሹ። ቀይ ምልክት የሚባል ነገር አልታየም።

ፀጉር ሠሪዋ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ብድግ ብላ መኝታ ቤት ገባችና የራሷን አንሶላ ከአልጋው ላይ ገፈፈች።

"ምን እየሆንሽ ነው?" አሉ አማቷ ከበሩ ላይ።

"አልጋው የእርስዎ ነው። እኛ ሶፋው ላይ አምሽተን እንተኛለን።"

"ባልሽስ ምን ይላል?"

"'ወገቤን' ይላል።"

አማቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ በእጃቸው ፍራሹን ጫን ጫን አደረጉት። ሳሎን ውስጥ ስልካቸው ጮኸ።

"ልጄ ናት" አሉ። "መልስ ፈልጋ ነው። አንቺ አንሺው።"

"ምን ልበላት?"

"የምትፈልጊውን በያት። ብቻ በሩን ዝጊና፣ እኔ እዚህ ሆኜ እንድሰማው ጮክ በይ።"

በሩን ዘጋች። ስልኩን አንስታ ሳሎኑ መሃል ቆመች።

"እማማ እኛ ጋ ነው የሚኖሩት!" አለች፣ የባሏን እህት ሰላም እንኳ ሳትል።