አንድ አንድ ኩላሊት
ከሁለት ዓመት በፊት ለባሌ ለኢያሱ አንድ ኩላሊቴን ሰጠሁት። አሁን የሚሠራ ኩላሊት እሱም አንድ፣ እኔም አንድ አለን። ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። እኔ የገበያ ዘንቢል ይዤ ሽቅብ ስወጣ፣ እሱ ባዶ እጁን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጦ ያለከልካል። ምርመራው ደግሞ ኩላሊቱ ደህና ነው ይላል።

«ኩላሊቶቹ መንትዮች ናቸው» ይለኛል፤ «ያንቺ ሲሮጥ የኔ የሚለግመው ለምንድን ነው?»

ኢያሱ አንድ ነገር ካልገባው እንቅልፍ አይወስደውም። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ መልሱን አገኘሁ አለ። እሱ ሰውነቱ ባዕዱን ኩላሊት እንዳያጠቃ ክኒን ይውጣል፤ እኔ አልውጥም። ልዩነታችን ይኸው ነው።

«ለሁለት ሳምንት ባቆመውና ብናይስ?»

ክኒኑን ካቆመ ኩላሊቱ ይሄዳል፤ ኩላሊቱ ከሄደ እሱም ይሄድብኛል። ተናድጄ ሆስፒታል ወሰድኩት።

እዚያ ያየችን ፊዚዮቴራፒስት አልሳቀችበትም። ከክኒኖቹ አንዱ የጭን ጡንቻ እንደሚያሳሳ ነገረችው፤ ማቆም ግን አይታሰብም። ከዚያ ወደኔ ዞራ ውሃ የሚሸከመው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ። ገበያ የሚሄደው? እኔ። ትራስ የሚያቀብለው? እኔ፤ እኔ ከሌለሁ የቸርች እህቶች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ አራስ ይዘነው ነበር፤ ገንፎው እንኳ አልቀረበትም። ካልተንቀሳቀሰ የሳሳው ጡንቻ አይመለስም አለች። በአገሯ ቋንቋ ፖሌ ፖሌ ይጀምር አለች፤ ያው የኛ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» መሆኑ ነው።

የኢያሱ ፊት በራ። «ለካስ ልዩነታችን ሁለት ነው፤ ክኒኑና አንቺ።»

አፈርኩም፣ ሳቅሁም። መራመድ ጀመረ። ክኒኑን እየዋጠ ሊሞክር ተስማማ፤ እግሩ ካልተመለሰስ ስለው ግን ወሬ ለወጠ። ለወራት በየማታው ክኒኖቹን ስቆጥር ከረምኩ።

ትናንት ደረጃው ሥር ዘንቢሉን ከእጄ ወሰደና እንዳልከተለው አስጠነቀቀኝ። ታች ተቀምጬ ኮቴውን አዳመጥኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ኮቴው ቆመ። ተነሳሁ፤ ልማዴ ነው። መልሼ ተቀመጥኩ። ኩላሊቴን ስሰጠው እንኳ እንዲህ አልከበደኝም።

ቆይቶ ድምፁ መጣ፤ ያለከልካል፣ ግን ከበራችን ላይ ነው።

«ፀደንያ፣ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው። ነይ እንጂ፣ ምን ያስቀምጥሻል?»