መንገድ የተቆረጠበት መብረቅ

ነስሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፋት ቢሞክርም አያውቅበትም። የመብረቁን ሽቦ የቆረጠውም በቅን ልቡ ነው።

ሚስቱ ረቢያ ነገሩን ያየችው የተሰጣ ልብስ ልታነሳ ጓሮ ስትወጣ ነው። በማንኪራ ጫካ በኩል ሰማዩ ከሰል መስሏል። ከተከራያቸው ክፍል ጣሪያ፣ ከረጅሙ የብረት ዘንግ ወርዶ መሬት የሚገባው ወፍራም ሽቦ ግድግዳው ወገብ ላይ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። እጇ ላይ ያለው ልብስ ጭቃ ውስጥ ወደቀ።

ተከራይዋ ጀርመናዊቷ ፕሮፌሰር ኢርምጋርድ ናቸው። ሰፈሩ "እማማ መብረቅ" ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን መብረቅ ሲለኩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እኩዮቻቸው ፀሐይ ፍለጋ ሲሄዱ እሳቸው ነጎድጓድ ፍለጋ ወደ ከፋ አገር መጡ። አማርኛ የለመዱት ከነስሩ ሱቅ ደጃፍ ስለሆነ፣ ሰላም ሲሉ እንኳ ዋጋ የሚከራከሩ ይመስላሉ።

ለረቢያ አጫውተዋታል። በወጣትነታቸው፣ ተራራ ላይ ወዳለው የመለኪያ ማማ ሴት አትወጣም ተብለው፣ ወንዶቹ ያመጡትን ቁጥር ሲደምሩ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው ወጡ። ኋላም ሄድቪግ የምትባል ተማሪያቸውን ይዘው ወጡ። አንድ ቀን እዚያ ላይ የልጅቷ ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለቱም ሳቁ። ስቀው ሳይጨርሱ መብረቁ ልጅቷን ወሰዳት። ፕሮፌሰሯ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ሳቁ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ነው የሚቀጥሉት።

ረቢያ ወደ ሱቁ ሮጠች።

"አንተ ነስሩ! ሽቦውን ማን ነካው?"

"እኔ ነኛ!" አለ ስኳር እየመዘነ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። "ራሳቸው አይደሉ 'መብረቅ ወደ መሬት መውረጃ መንገድ ይፈልጋል' ያሉት? መንገዱን ቆረጥኩበት። የሺሺንዳ መንገድ ሲቆረጥ መኪናው ይመለስ የለ?"

"መብረቅ ኢሱዙ መሰለህ እንዴ! ሽቦውን ካጣ ቤቱን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው ብለውኛል። ሴትዮዋ ውስጥ ናቸው እኮ!"

ነስሩ ሚዛኑን ለቀቀ።

ረቢያ የክፍሉን በር ስትበረግደው ፕሮፌሰሯ መለኪያቸው ላይ አጎንብሰዋል።

"እማማ፣ ይውጡ! ሽቦው ተቆርጧል!"

ዝም በይ እንደማለት እጃቸውን አነሱ። የመለኪያው መርፌ ሽቅብ ይወጣል። "እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ይህን ነው ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት። አንቺ ሂጂ።"

"እርስዎን ትቼ የት ልሂድ?" ረቢያ በሩ ላይ ተገትራ ቀረች።

ውጭ ነፋሱ ቆመ። የኮባው ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። በዚያ ጸጥታ መሐል የነስሩ ሳቅ ተሰማ።

ሽቦውን ሊቀጥል ወጥቶ አንዱን ጫፍ በእጁ ይዟል። ቆቡ ወድቋል። በመላጣው ዙሪያ የቀረችው ፀጉር እንደ ጃርት ቆማለች።

"ረቢያ፣ እዪልኝማ! ፀጉሬን ምን ነካው?"

ረቢያ ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት። ዞር ስትል ግን የፕሮፌሰሯን ፊት አየች፤ ደም የሚባል የለበትም። መርፌው ገና እየወጣ ነው። እሳቸው አላዩትም። መለኪያውን ትተው፣ ሲሄዱ እንኳ በሚያነክሱበት እግር ሮጡ።

"ጣለው! ጣለው!"

ነስሩን በኮሌታው ጨብጠው፣ ግቢው ውስጥ ወደቆመው፣ የሱቁን ዕቃ ወደሚጭነው ኢሱዙ ጋቢና ገፍተው አስገቡት። ረቢያንም ጎተቷት። በሩ ተዘጋ።

"ብረት አትንኩ! መብረቁ በቆርቆሮው ዙሪያ ነው የሚያልፈው።"

ሰማዩ ተሰነጠቀ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ክፍሉ ጣሪያ የለውም። ፕሮፌሰሯ ቅድም የተቀመጡበት ወንበር ይነድዳል።

"መንገዱን ቆርጬበት ነበር እኮ..." አለ ነስሩ በቀጭን ድምፅ።

"ሌላ አገኘ" አሉ ፕሮፌሰሯ።

በማንኪራ በኩል ሰማዩ ደግሞ አጉረመረመ። ነስሩ ቀስ ብሎ መላጣውን ዳሰሰ።

"አሁንስ ፀጉሬ ተኝቷል?"

ረቢያ የፕሮፌሰሯን እጅ ይዛለች። እሳቸው የሚያዩት እሳቱን አልነበረም። ከኋላው የሚመጣውን ደመና ነበር።